የመጨረሻው ቀለም ቀለም የለውም

ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ዳር ያደገ ልጅ መኪና ያውቃል። ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባውን አይሱዙ፣ ብረትና ሲሚንቶ ይዞ የሚመለሰውን ሲኖትራክ፣ ገና ሳይነጋ ከመናኸሪያ የሚወጣውን ቅጥቅጥ ሳያይ በድምፁ ይለያል። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ በማወቅ ብቻ አይቆሙም፤ ይሠሩታል። ትንንሾቹ በሽቦና በቆርኪ ይጀምራሉ። ከፍ ያሉት ካርቶን፣ ቆርቆሮ፣ የጀሪካን ፕላስቲክና ያረጀ ነጠላ ጫማ ሰብስበው፣ በሩ የሚከፈት፣ መሪው የሚዞር፣ መብራቱ በባትሪ የሚበራ ሞዴል ያወጣሉ።

ቢቸና ያየሁት አይሱዙ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ይሆናል። የሠራው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጋቢናው ካርቶን፣ ስፖንዳው ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ፣ የፊት መስታወቱ ከሃይላንድ፣ የጎን ማሳያዎቹ የማስቲካ ብርማ ወረቀት ናቸው። ጎማውን ከነጠላ ጫማ ሶል ክብ አድርጎ ቆርጦ፣ ጥርሱን በጋለ ሽቦ አንድ በአንድ አውጥቶለታል። ነጩን ቀለም በስፕሬይ ነፍቶታል። ከጎኑ የሚሄደውን ቀይ መስመር ከግቢያቸው በር በተረፈ የዘይት ቀለም በቀጭን ብሩሽ አስምሮታል። በበሩ ላይ «ቢቸና – ሞጣ – ባሕር ዳር» ብሎ በሰማያዊ ማርከር ጽፏል፤ ፊደሎቹ ከጤፍ ብዙም የማይተልቁ ናቸው፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም።

የቀረው ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው የመጨረሻ ሽፋን፣ ብቻ ነበር። ከሱቅ የገዛትን ቆርቆሮ ነቀነቀና ከሞዴሉ አንድ ጋት ርቀት ላይ ይዞ፣ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ያለማቋረጥ ረጨበት። ለጥቂት ሰከንድ እጅግ ያምር ነበር። ከዚያ ሰማያዊው ጽሑፍ እግር አወጣ። «ቢቸና» ወደ ታች መፍሰስ ጀመረ፤ «ሞጣ» ጠርዙ ደበዘዘ። ቀዩ መስመር ደግሞ ከጫፉ እየተነሳ ተሸበሸበ። ልጁ በጣቱ ሊያስተካክለው ሲሞክር ነጩም አብሮ መጣ።

ስለ እነዚህ ልጆች በየጊዜው ይነገራል፤ «ባለ ተሰጥኦ ወጣት» ተብሎ ፎቶ ይነሳና ይጨበጨብለታል። ሥራው ለምን ከአንድ ክረምት እንደማያልፍ ግን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከቅርጹ አይደለም፤ ቅርጹ ድንቅ ነው። ችግሩ ያለው በመጨረሻዋ ሽፋን፣ ቀለም በሌላት ቀለም ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ በየከተማው ጋራዥ ውስጥ አለ።

ቀለም ከሦስት ነገር ይሠራል፦ መልክ ከሚሰጠው ዱቄት፣ ዱቄቱን አጣብቆ ከሚይዘው ሙጫ መሰል ነገር፣ ሁለቱን አቅጥኖ እንዲረጭ ከሚያደርገው ቲነር። ክሊር ዱቄቱ የወጣለት ቀለም ነው። ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ የጣት አሻራ፣ የአቧራ ቅንጣት፣ ያልተስተካከለ ስቱኮ፣ ምንም አይደብቅም።

ከሱቅ የሚገዛው ተራ የስፕሬይ ክሊር የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ብቻ ነው። ውስጡ ምንም ኬሚካላዊ ለውጥ አይካሄድም። እንዲህ ያለ ሽፋን ደርቆም ቢሆን ቲነር ሲያገኝ እንደገና ይሟሟል። ጥቅሙ እዚሁ ነው፤ አዲሱ ኮት ከሥሩ ያለውን በጥቂቱ አሟሙቶ ስለሚገባበት ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ጉዳቱም እዚሁ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተረጨ ቲነሩ ለመውጣት ጊዜ ስለሚወስድበት ወደ ታች ይበላል። የማርከር ቀለም ደግሞ በእንዲህ ያለ ፈሳሽ የሚሟሟ ቀለም ነው፤ የቢቸናው ጽሑፍ የፈሰሰው ለዚህ ነው።

ቀዩ መስመር የተሸበሸበበት ምክንያት ሌላ ነው። የበር የዘይት ቀለም የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ሥራው ከላይ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይሄዳል። በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ለስላሳ ነው። ኃይለኛ ቲነር ያለው ክሊር ሲያርፍበት ያብጣል፤ ማበጫ ቦታ ስለሌለው ይታጠፋል። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ቀለም ቀቢ ይህን ከኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳይሆን ከተበላሸ በር ተምሮታል፦ ናይትሮ፣ ማለትም በቲነር መትነን ብቻ የሚደርቀው ቀለም፣ በዘይት ቀለም ላይ አይሄድም። የዘይት ቀለም ግን በደረቀ ናይትሮ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ታዲያ ልጁ ምን ማድረግ ነበረበት? መስመሩን እንደ ነጩ ሁሉ በስፕሬይ፣ ዳርና ዳሩን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ መንፋት። ጽሑፉን በማርከር ፋንታ በውሃ በሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም በቀጭን ብሩሽ መጻፍ፣ ወይም በቀጭን ወረቀት አሳትሞ መለጠፍ። ክሊሩን ሃያ፣ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ የመጀመሪያውን ኮት ጤዛ ያህል ብቻ አድርጎ መርጨት። ይህ የመጀመሪያ ኮት ማብረቅረቅ የለበትም፤ ሥራው ከሥሩ ያለውን መቆለፍ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ይተውና ሌላ ቀጭን ይደገማል። የሚያብረቀርቀው እርጥብ ኮት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሞዴል ሠሪዎች በዓለም ዙሪያ አንድ ደንብ አላቸው፤ ቀለምና ክሊሩን ቀድመው በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ይሞክራሉ። የማንኪያ ጀርባ እንደ ጋቢና ጣሪያ ጎበጥ ያለ ስለሆነ የሚፈሰውም የሚሸበሸበውም እዚያ ላይ ይታያል። አንድ ማንኪያ የወር ሥራ ያድናል።

ሞጣ ያገኘኋቸው ቀለም ቀቢ ባጃጅ ላይ ነበሩ። አጎንብሰው በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ የፊቱን ላሜራ ያለሰልሳሉ፤ እያሹ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ይደባብሱታል። የስቱኮው ጠርዝ ለዓይን ባይታይም ለመዳፍ ይታወቃል፤ ክሊር ከገባ በኋላ ግን ለሁሉም ዓይን ይታያል። ስለ ቢቸናው ልጅ ነገርኳቸው።

«በአንዴ አጠጥቶት ነዋ!» አሉ፤ ቀና ሳይሉ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጀምረው። ማብረቅረቁን ቶሎ ማየት ይፈልጋል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ኮት ይሰጣሉ?»

«ሁለት። አንዳንዴ ለጣሪያው ሦስተኛ እጨምራለሁ። ለባለቤቱ የሚታየው የፊቱ ነው። እኔ የምፈራው ለጣሪያው ነው።»

ከመንፋታቸው በፊት የሠሩትን ሥራ ማየት ትምህርት ነው። መጀመሪያ ወለሉን ውሃ አርከፈከፉበት፤ በጋ ነውና አቧራው ከመሬት እንዳይነሳ። ከዚያ ቤንዚን በነካ ንጹሕ ጨርቅ ላሜራውን ጠረጉ። ጣት የነካው ቦታ ሁሉ ቅባት አለበት፤ ክሊር ደግሞ ከቅባት ይሸሻል፤ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ጉድጓድ ይተዋል። መርጫውን ከላሜራው ውጭ ከፍተው፣ አሳልፈው፣ ከወዲያኛው ጫፍ ካለፉ በኋላ ዘጉ። አንዱ ማለፊያ የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ወረደ። በመሃል ቆመው ጠበቁ። ሁለተኛውን ኮት መቼ እንደሚሰጡ ለማወቅ ላሜራውን አልነኩም፤ ጎማው ላይ ክሊር የደረሰበትን ፕላስተር በጣታቸው ነኩ። ጣታቸው ላይ ክር መሰል ነገር እየሳበ ሲመጣ ገና ነው። እያጣበቀ ክር መሳቡን ሲተው ግን ደርሷል። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ የሞዴል ሠሪው ልጅ ቢያይ ብዙ ነገር በተቃና ነበር።

የጣሪያው ፍርሃት ከአገሩ የመጣ ነው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በእያንዳንዱ 1000 ሜትር ከፍታ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር አሥር በመቶ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይጨምራል። በዚያ ላይ ሁለቱም ከምድር ወገብ አሥርና አሥራ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቁ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ በቀጥታ ከአናታቸው በላይ ታልፋለች። በተለይ የሚያዝያዋን እንደ ነሐሴዋ ደመና አይሸፍናትም። ጣሪያ ላይ የምታርፈው እሷ ናት።

ይህ ጨረር ክሊርን ምን ያደርገዋል? ጥሩ የመኪና ክሊር ውስጡ ጨረሩን የሚውጥ ኬሚካል አለው። ኬሚካሉ ሥራውን የሚሠራው ግን ሽፋኑ በቂ ውፍረት ሲኖረው ነው፤ በመኪና ላይ ከአርባ እስከ ሃምሳ ማይክሮን የሚሆን። ርካሽ ከሆነ ወይም በቲነር ብዛት ከሳሳ ጨረሩ አልፎ ከሥር ያለው ቀለም ላይ ይደርሳል፤ ቀለሙንና ክሊሩን የያዘውን ትስስር ይበጥሳል። መጀመሪያ የምትታየው ትንሽ ነጭ ነጥብ ናት። ውሃ በእሷ ይገባል። ከዚያ ክሊሩ እንደ ተላጠ ቆዳ በሰፊው ይነሳል፤ ጣሪያቸው እንዲህ የሆነ መኪኖች በየመናኸሪያው ሞልተዋል። ተራው ናይትሮ ደግሞ ከመላጡ በፊት ቢጫ ይሆናል። ለቢቸናው ነጭ አይሱዙ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መስኮት ላይ ከተቀመጠ በጥቂት ወራት ውስጥ ነጩ የቅቤ መልክ ይይዛል። አክሪሊክ የሆነውን ክሊር መምረጥ ይህን ያዘገየዋል፤ ከመስኮት ማራቅ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ከፍታው በሌላም መንገድ እጁን ያስገባል። በ2500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ለዚህ ነው። ቲነርም እንዲሁ ይቸኩላል። በበጋ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ላይ ሆኖ፣ ነፋስ እየነፈሰ የተረጨ ክሊር ሞዴሉ ጋ ከመድረሱ በፊት በአየር ላይ ግማሹ ይደርቃል። ላዩ ላይ ሲያርፍ አይተኛም፤ ሸካራ ዱቄት ይሆናል። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው መመሪያ የተዘጋጀው ለዝቅተኛ አገር ሰው ስለሆነ የጎጃም ልጅ ሰዓቱን መምረጥ አለበት። ከጠዋቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላና ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት፣ ጥላ ውስጥ። የሞጣው ባለሙያም የሚመርጡት ይህንኑ ነው።

ክረምት ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ቲነር ሲተን የተረጨውን ነገር ያቀዘቅዘዋል። አየሩ በእርጥበት በተሞላበት በሐምሌና በነሐሴ፣ የቀዘቀዘው ላይ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይወርድና ክሊሩ ውስጥ ይታሰራል። ያኔ ብርጭቆ መሆን የነበረበት ሽፋን ወተት የተቀባ ይመስላል። ዝናብ እየዘነበ ክሊር አለመንፋት ነው መድኃኒቱ። ከተበላሸ ደግሞ ተስፋ አይቆረጥም፤ ደረቅ ቀን ጠብቆ በጣም ቀጭን ኮት በላዩ ቢረጩ ቲነሩ ሽፋኑን እንደገና ስለሚከፍተው እርጥበቱ ብዙውን ጊዜ ይወጣል። ቆርቆሮውም ሲበርድ ግፊቱ ስለሚቀንስ ከመርጨት ይልቅ ይተፋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይበቃዋል። እሳት ዳር ማስጠጋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እነዚህ ቆርቆሮዎች ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ የሚከለከለው ስለሚፈነዱ ነው። ውስጡ ያለው ገፊ ጋዝ ብዙውን ጊዜ ማድቤት ከምናውቀው ቡታጋዝ ጋር አንድ ዘር ነው። ግቢ ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ስፕሬይ አይነሳም።

ይህ ሁሉ ጥበብ ረጅም ዕድሜ ያለው አይደለም። የመኪና ፋብሪካዎች በጥንቱ የሠረገላ ቀለም ይሠሩ በነበረበት ዘመን አንድን ጥሩ መኪና ቀብቶ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ዱኮ የተባለውን ናይትሮሴሉሎስ ቀለም ለጄኔራል ሞተርስ ሲያቀርብ ሳምንታቱ ወደ ሰዓታት ወረዱ። የስፕሬይ ቆርቆሮው ደግሞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ኤድዋርድ ሲይሞር የተባለ የቀለም ነጋዴ በሚስቱ በቦኒ ሐሳብ ቀለምን ከገፊ ጋዝ ጋር አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረ። ቀለሙን ለብቻው፣ ክሊሩን ለብቻው መንፋት በፋብሪካ መኪኖች ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። እንግዲህ በጎጃም ጋራዥ ያለው አሠራር ከዓለም ብዙም አልዘገየም።

ወደ ሥዕል ስንመጣ ግን ይህ አገር የቆየ ልማድ አለው። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ መካከል ደብረ ወርቅ ማርያም አለች፤ የመቅደሷ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ። ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ሞጣ ላይ ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል የተከለችው ሞጣ ጊዮርጊስ አለ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ላዩ እንደ መኪና አያብረቀርቅም፤ ደብዛዛ ነው። ጥበቃው ሌላ ነው፦ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ፊቱ ላይ መጋረጃ ይወርድበታል፣ ሕንፃው ውስጥ ብርሃን ጥቂት ነው፣ ዙሪያውን ያለው ቅኔ ማኅሌትና ሰፊው ጣሪያ ዝናብና ፀሐይን ያርቃል። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለ። ቀለምን ከጊዜ የሚያድነው ነገር ሁልጊዜ ከላይ የሚቀባ አይደለም፤ የሚቀመጥበት ቦታም ነው። ሞዴሉን በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ያስቀመጠ ሰው ከሁለት ኮት ክሊር የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል።

አሁን ወደ ልኬቱ ልመለስ፤ በሞዴልና በእውነተኛ መኪና መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ነውና። እውነተኛ መኪና ላይ ከአንቲረስቱ እስከ ክሊሩ ያለው ሽፋን በጠቅላላው ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ማይክሮን፣ ማለትም አንድ ወይም ሁለት ፀጉር ቢደራረብ የሚሆነውን ያህል ነው። ስምንት ሜትር የሚሆነውን አይሱዙ በግማሽ ሜትር የሠራ ልጅ ልኬቱ 1 ለ16 ነው። እሱም መቶ ማይክሮን ቢቀባ በእውነተኛው መኪና ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንደ መቀባት ነው። ፋብሪካዎች በሚሠሩት በ1 ለ24 ልኬት ደግሞ 2.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያን ያህል ቀለም የተቀባ መኪና በሩ አይዘጋም፤ የበሩ መስመር ይሞላል፤ የስፖንዳው ማጠፊያ ይጠፋል። ሞዴሎችን «የተነከሩ» የሚያስመስላቸው ይህ ነው። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የሚመሰገነው ወፍራም ክሊር ለሞዴል ጠላት ነው። ከጋራዡ መወሰድ ያለበት ትዕግሥቱና ንጽሕናው እንጂ ውፍረቱ አይደለም።

ከሥር ያለው ነገርም ይወስናል። የጀሪካን ፕላስቲክ ቀለም አይቀበልም። ቀለም በፕላስቲክ ላይ ተዘርግቶ እንዲጣበቅ ፕላስቲኩ ሊስበው ይገባል፤ ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ግን ቀለምንም ሙጫንም አይስብም። በመጀመሪያው ቀን ያማረው ክሊር በጥፍር ሲነካ ከነቀለሙ አንድ ላይ ይላጣል። ጀሪካኑ ለውስጥ አጥንት ይሁን፤ ፊቱን ካርቶን ወይም ቆርቆሮ ይሸፍነው። ከቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚወጣው ነጭ ፎም ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ስፕሬይ ሲነካው ይቀልጣል። ካርቶን ጥሩ ነው፤ ግን በውሃ በቀጠነ ኮላ ሁለት ጊዜ ታሽጎ፣ ደርቆ፣ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ካልታሸ ክሊሩን ሁሉ ይጠጣል።

ክሊሩ ከደረቀ በኋላ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቢሆንስ? አይጣልም። መጀመሪያ ግን በደንብ መድረቁ ይረጋገጥ፤ ማስረጃው ሽታ ነው፤ ሞዴሉን ወደ አፍንጫ አቅርቦ ቲነር የሚሸት ከሆነ ገና ነው። ሽታው ሲጠፋ ቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውሃ ነክሮ በቀስታ ማሸት፣ ጠርዞቹን አለመንካት፤ ጠርዝ ላይ ሽፋኑ ከሁሉም ቦታ የሳሳ ነው። ፖሊሽ ከሌለ ነጭ የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ይሠራል።

ስለ ትንፋሽ የምለውን ግን በለሆሳስ አልልም። ሞጣ ላይ ያየሁት ክሊር የሱቁ ቆርቆሮ አልነበረም፤ ከሃርድነር ጋር የሚደባለቀው ባለ ሁለቱ ነው። ይህኛው የሚጠነክረው በመትነን ሳይሆን ሁለቱ ተገናኝተው እርስ በርስ ሲተሳሰሩ ነው፤ ቤንዚን አይበላውም፣ ፀሐይም ቶሎ አትጥለውም። ለሞዴል ሠሪዎችም ያጓጓል፤ ከባጃጅ የተረፈች ትንሽ ጣሳ በነፃ ታገኛለህ። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ነገር ግን ሳንባን ለዘለቄታው የሚያስቆጣ ነው። ቀለም ቀቢዎችን አስም እንደሚያስይዛቸው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ትንሽ ጠብታ እንኳ ደረትን ይዘጋል። አፍና አፍንጫ ላይ የታሰረ ሻሽ ወይም የኮቪድ ጊዜ ማስክ ጭጋጉን በጥቂቱ ይይዝ ይሆናል እንጂ ትነቱን አያቆመውም። ለተራው ስፕሬይ ከሰል ያለበት ካርትሪጅ የሚገጠምለት የቀለም ማስክ ያስፈልጋል፤ ለባለ ሃርድነሩ የሚመከረው ደግሞ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚመጣለት ነው። ይህ በሌለበት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ባለ ሃርድነር ክሊር ሊነፋ አይገባም፤ ሥራው ምንም ያህል ቢያምር።

ባለሙያውን «ማስክ አለዎት?» አልኳቸው።

«ነበረኝ። ካርትሪጁ አለቀ፤ ሞጣ አይገኝም» አሉ።

እኔ እንደማስበው ወጣቶቹን ለማበረታታት ገንዘብ የሚያወጣ ማንም አካል መጀመሪያ መግዛት ያለበት ይህን ነው፤ ለልጁም ለባለሙያውም። የምስክር ወረቀትና የጨርቅ ባነር ቆየት ይበሉ። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ማስገባት ነው። ይህ ብዙ ወጪ የለውም። የሞጣው ባለሙያ «ይምጣ» ብለዋል፤ ቢቸና ለሚኖር ተማሪ የትራንስፖርት ዋጋ ነው የቀረው።

አይሱዙውስ? አልተጣለም። ልጁ የተሸበሸበውን ጎን እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ትቶት፣ ከዚያ እስከ ካርቶኑ ድረስ አሽቶ እንደገና ነጭ ሊቀባው ነው። ስልክ ደውሎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሁሉንም ክሊር ልቀባው ወይ?

ሁሉንም አይደለም። ክሊር የሚገባው ጋቢናው ላይና የተቀባው ስፖንዳ ላይ ነው። ጎማ አያብረቀርቅም፣ ሸራ አያብረቀርቅም፣ ሻንሲውም ከአቧራና ከግራሶ በቀር ሌላ ነገር የለውም። የፊት መስታወቱ በፕላስተር ይሸፈን፤ ሃይላንድ ክሊር ሲነካው ጥራቱን ያጣል፣ ከውስጥ ያለው መሪና ወንበርም አይታይም። ለሸራው የማያብረቀርቀው፣ ደብዛዛው ክሊር አለ፤ ከተገኘ ጥሩ ነው፣ ካልተገኘ ባዶውን ይቅር። ጋቢናውም ቢሆን ከአዲስ መኪና ትንሽ ደብዘዝ ቢል ይሻላል፤ በሩቅ ያለ መኪና ለዓይናችን በቅርብ እንዳለው አያብረቀርቅም፤ ትንሽ ሞዴል ደግሞ ከሩቅ የሚታይ መኪና ነው። ጽሑፉን በአክሪሊክ እንዲጽፈው ነግሬዋለሁ። «ቢቸና» የሚለውን አንዴ በማንኪያ ላይ ጽፎ፣ ክሊር ረጭቶበት፣ ሲያድር ካልፈሰሰ ወደ በሩ ይሂድ።